ጋሼ ዱካ እና የተሰረቀው ፊት

ሰፈሩ «ጋሼ ዱካ» ይለዋል። በፖሊስ ጣቢያው መርማሪ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ ይህን ስም ያወጣለት ሥራው ነው። ጭቃ ላይ የቀረ የጫማ ምልክት ካየ ሌባው በግራ እግሩ እንደሚያነክስ፣ ሲወጣ ሸክም እንደነበረው፣ ቀኑ ከቀናው ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ጭምር ይናገራል። አንድ ጊዜ የቀለም ቀቢውን ሬዲዮ የሰረቀውን ሰው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተሰልፎ አግኝቶት «በል እንሂድ» ቢለው፣ ሌባው ያለ ካቴና ፊት ፊት እየመራ ጣቢያ ገባ። «ሌባ ጎረቤት ነው፤ ቢርቅ ቢርቅ ሁለት ፌርማታ ነው» ይል ነበር።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ቢሮው ስትገባ፣ ነገሩ የተለመደው መሰለው። የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት የምትታወቅ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስፌት መኪናዋ ቀና የማትል ሴት ናት። ከኋላዋ አንድ ሽበታም የውጭ አገር ሰው አበባ ታቅፎ ተከትሏታል።

«ምን ተሰረቀብሽ እህቴ?»

«ፊቴ።»

«ምንሽ?»

«ፊቴን፣ ጋሼ! ይኸው ይህ ሰውዬ እጮኛሽ ነኝ ብሎ ሱቄ ድረስ መጣ። እኔ እንኳን ላጨው፣ አገሩ በየት በኩል እንደሆነም አላውቅ!»

ጋሼ ዱካ ፊቷን ትክ ብሎ አየ። ፊቷ ቦታው ላይ ነው፤ ምንም አልጎደለም። ግራ ገብቶት ወደ እንግዳው ዞረ። እንግዳው ስልኩን አፉ ጋ አስጠግቶ በቋንቋው ሲናገር፣ ስልኩ በኮረዳ ድምፅ ተረጎመለት፦ «እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ይህችን ሴት ስምንት ወር ወድጃለሁ። አሁን በጭንቅላቴ ውስጥ ጭጋግ አለ።»

«ጭጋጉስ እኔም ጋ አለ» አለ ጋሼ ዱካ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። አንዲት «ልብስ ሰፊ» በስልክ ስትጽፍለት ኖራለች፤ ፎቶዎቿንም ልካለታለች። ታምሜአለሁ ስትለው ያለ የሌለ ጥሪቱን ልኮላታል። ልምጣ ባለ ቁጥር ሰበብ ሲበዛበት፣ ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ የሚታየውን የሱቅ ታፔላ አጉልቶ፣ ስልክ ቁጥሩን አንብቦ፣ በእሱ አድራሻዋን አፈላልጎ መጣ።

ጋሼ ዱካ ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። «ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ» የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሰውዬው የተታለለው ባሕር ማዶ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ገንዘቡ የገባው ሌላ አገር ባንክ ነው። የተሰረቀው ፊት የዚህ ሰፈር ነው። ጻፊዋስ የት ናት? ይኸን ሁሉ አገር በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ እንዴት አድርጎ ያስፍረው? መስመሩን ባዶ ተወውና «እስቲ ፎቶዎቹን ልያቸው» አለ።

ልብስ ሰፊዋም አብራው ጎንበስ አለች። አንዷ ፎቶ ላይ ስትደርስ ጣቷ ደረቀ። ሱቋ በር ላይ ቆማ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምትስቅበት ነው።

«ይህን ያነሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ለማንም አልሰጠሁም፤ እኔ ራሴ ጋ እንኳ የለም።»

«ልጁ የት ነው ያለው?»

«በኮምፒውተር የመጻፍ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሩቅ አገር ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። ለእናቱ በወር አንዴ ይደውላል፤ እሱንም በሹክሹክታ። ሌላው ተኝቶ ነው ይላታል።» ይህን ስትል ድምጿ ወረደ። «አይ ጋሼ፣ እሱ አያደርገውም። ዶሮ ሲጮህ የሚደነግጥ ልጅ ነው!»

ጋሼ ዱካ የእንግዳውን ስልክ ሰጣት። «ለዚያች 'ልብስ ሰፊ' ጻፊላት እስቲ። በእኛ ቋንቋ። አክስትህ ነኝ በያት።»

ጻፈች። ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልክ ከበው፣ ወተት እንዳይገነፍልበት እንደሚጠብቅ ሰው አፈጠጡበት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኩ ነዘረ።

«እታለም?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በሜትሯ ያዘች። እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው።

መልእክቱ ተከታትሎ መጣ። «አትመልሺልኝ፣ ያዩኛል። ሁለት መቶ ሰው ነን። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ፓስፖርታችንን ወስደውታል። ያልጻፈ ይገረፋል። የሴት ፎቶ አምጡ ሲሉን ካንቺና ከእማዬ ሌላ በስልኬ አልነበረኝም። እማዬን ማድረግ አቃተኝ። ይቅር በይኝ።» ከዚያ መልእክቱም፣ ጻፊዋም፣ ፎቶውም ከስልኩ ላይ ድራሻቸው ጠፋ።

እንግዳው ምን እንደተባለ ጠየቀ። ጋሼ ዱካ ያነበበውን ለስልኩ ተናግሮ ስልኩ ሲተረጉምለት አበባውን ወንበር ላይ አስቀመጠ። ቢጮህ፣ ቢሳደብ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን፣ «አንድ ሌሊት፣ አሥራ ሁለት ሆነን በአንድ ክፍል እንተኛለን፣ ቤቴ ናፈቀኝ ብላ ጻፈችልኝ» አለ በኮረዳዋ ድምፅ። «ውሸት መስሎኝ ተቆጣሁ። እውነት የነበረው እሱ ነው?»

እንግዳው ሲነሳ ልብስ ሰፊዋን አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላት፤ እሷም የሚሰናበተው እሷን ይሁን በስልክ የወደዳትን ሴት ሳይገባት እጇን ሰጠችው።

ጋሼ ዱካ አለቃው ጋ ሄዶ ነገሩን አስረዳ።

«ተጠርጣሪው ማነው?» አለ አለቃው።

«ልጁ።»

«ተበዳዩስ?»

«ሰውዬው... ሴትዮዋም። ልጁም ነው መሰለኝ።»

«አንድ ሰው ሁለት ቦታ ልትጽፍ ነው? በል ሻይ ጠጣና ተመለስ።»

ሻዩን ጠጣ፤ ነገሩ ግን አልጠራም። የሚያውቀውን በር ሁሉ አንኳኳ፤ ለውጭ ጉዳይ ጻፈ፣ ለጠፋ ሰው ፈላጊዎች ጻፈ። የአውቶቡስ ሹፌሩም በአገሩ ሆኖ ለፖሊስም ለጋዜጣም ይጽፍ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ ልጁ የታገተበት አገር ወታደሮች የተቆለፈባቸውን ግቢ ሰብረው ገቡ፤ ልጁም ከሌሎች ጋር ተለቆ ሸሚዝ እንደተሰቀለበት ሽቦ ከስቶ መጣ።

ቤት ሳይገባ፣ ሻንጣውን እንደያዘ ጣቢያ ሄደ። «ጋሼ፣ እጄን ልሰጥ ነው። ሃያ ሦስት ሰው አታልያለሁ፤ ስማቸውን ይዣለሁ» አለ።

ጋሼ ዱካ በዕድሜው እንዲህ ያለ ሌባ ገጥሞት አያውቅም። ልሰረው ቢል ሕጉ የትኛው ነው? ልልቀቀው ቢል ሃያ ሦስቱ ሰዎች ምን ይበሉ? «እስቲ ተቀመጥ» ብቻ አለው።

ወሬው ቀድሞ ደርሷት ኖሮ አክስቲቱ በሩን በርግዳ ገባች። መጀመሪያ በጥፊ አጮለችው። ቀጥላ አንገቱን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ኋላ እንባዋን ጠርጋ ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ ለዚያ ሰውዬ ስለ እኔ ምን ምን አልከው?»

ልጁ አቀረቀረ። «ስትሠራ ታንጎራጉራለች አልኩት። ቁልፍ የጠፋበት ልጅ ከመጣ በነፃ ትተክልለታለች አልኩት። ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች አልኩት።»

«አሁን እኔ አፌን እሸፍናለሁ?»

«ትሸፍኛለሽ እታለም።»

«ሌላስ?»

ጋሼ ዱካ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። የሚሰማው የተጠርጣሪ ቃል ይሁን የዘመድ ወግ መለየት ስላቃተው፣ ብዕሩን አስቀምጦ ያዳምጥ ጀመር።