ሼኽዬ ያላወቁት በደል

ይህን ለሚስቴም አልነገርኳትም። ሼኽዬ በመጨረሻው ሕመማቸው እጄን ሲይዙኝ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

ከከሚሴ ወጣ ብሎ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው በኩል የሼኽዬ ኻዲም ነበርኩ። ውሃ እቀዳለሁ፣ እንግዳ አስተናግዳለሁ፤ እሳቸው ኸልዋ ገብተው፣ ከሰው ተለይተው ለዚክር ሲዘጉ ደግሞ በሩን እጠብቃለሁ። ታዲያ የዓለምን ነገር እርግፍ አድርገው የተዉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ደካማ ተበደለ ሲባሉ ከኸልዋ ይወጡና ሄደው የበዳዩ ደጅ ይቀመጣሉ። አይሳደቡም፣ አይራገሙም። እህል ውሃ ሳይሉ፣ ተስቢሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ዚክራቸውን እዚያው ይቀጥላሉ። ይህን ችሎ ያደረ በዳይ አላየሁም። ለእኔ የሰጡኝ ትእዛዝም ግልጽ ነበር፤ "ተበደልኩ ያለ ከመጣ አንኳኳ። ሶላት ላይ ብሆን እንኳ ስጨርስ እሰማሃለሁ።"

አንድ ጧት ዘይነባ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ከአንድ ጥማድ መሬት በቀር ምንም የሌላት ሴት ነች። ብቻዋን አልነበረችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን በብሕትውና የሚኖሩት መነኩሲት፣ እማሆይ፣ አብረዋት መጡ። ድንበሯን ገፍቶ መሬቷን ያረሰባት ማን መሰላችሁ? ታላቅ ወንድሜ፣ ያሳደገኝ።

"ሙሄ ልጄ፣" አሉኝ እማሆይ፣ "እኔም ሱባኤዬን አቋርጬ ነው የመጣሁ። ወንድምህ እኔን አይሰማኝም፤ ሼኽዬ ደጁ ቢቀመጡ ግን ያፍራል። እስቲ አንኳኳላቸው።"

እኔ አላንኳኳሁም። አገር ምድሩ እያየ ሼኽዬ ወንድሜ ደጅ ሲቀመጡ ታየኝና አፈርኩ። በጓሮ በኩል የማናግራቸው መስዬ ዞሬ ተመለስኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ነግሬያቸዋለሁ፤ አልወጣም ብለዋል" አልኳቸው። ዘይነባ የተዘጋውን በር ብቻ አየችው። እማሆይ በዚያው ሄደው ብቻቸውን ወንድሜ ደጅ ተቀመጡ፤ እሱ ብቅ እንኳ አላለም፤ ፀሐይ ሲበረታባቸው ተነሡ።

ሼኽዬ ከኸልዋ ሲወጡ፣ "የመጣ ሰው ነበር ወይ?" አሉኝ።

"ማንም አልመጣ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ለወንድሜ አዳልቼ ነው ልበል? ወንድሜንም እኮ አልጠቀምኩትም። ከበደሉ የሚመልሰውን ሰው ነው የከለከልኩት። በዚያው በደሉ ላይ ሳለ ሞተ፤ መሬቱን ዛሬ ልጆቹ ያርሱታል።

ዘይነባ መሬቷን ትታ ባቲ ልጇ ዘንድ ገባች። ሼኽዬ ካለፉ በኋላ ለሰኞ ገበያ ፍየል ልገዛ ባቲ ሄጄ፣ በርበሬ ዘርግታ አገኘኋት። እንዳላየ ላልፋት ስል፣ "አካም ጅርታ፣ ሙሄ?" ብላ ተነሣችልኝ። ሰላምታዋ ከልቧ ነበር።

"የሼኽዬን መርዶ ሰማሁ" አለችኝ። "መሬቱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። እሳቸው ሰምተው ዝም ማለታቸው ነበር ያንገበገበኝ። ስንት ዘመን ስማቸው ሲነሳ ፊቴን አዞር ነበር። አሁን ግን አፉ ብያቸዋለሁ፣ አኺራቸው እንዳይከብድባቸው።"

እኔስ ምን አልኩ? "አሚን" አልኩ። ባልሠሩት በደል አንድ ንጹሕ ሰው ይቅር ሲባሉ ቆሜ ሰማሁ፣ አሚንም አልኩበት። ከፊተኛው ውሸቴ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። መሬቷን የወሰደባት ወንድሜ ነው፤ ሼኽዬን የወሰድኩባት ግን እኔ ነኝ።

አፉ በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የሚመጣው ሰኞ ባቲ እሄዳለሁ። የወንድሜ ልጆች መሬቱን ይመልሱላት እንደሆን አላውቅም፤ እለምናቸዋለሁ። እሷም ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የራሷ ፈንታ ነው። እኔ የምሄደው ሼኽዬን ልመልስላት ነው።