ስትጠራ የምትመጣ ንስር

በቀኝ ቅንድቤ ላይ ጸጉር የማይበቅልበት ቦታ አለ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለዚህ ቦታ ያልጠየቀኝ የለም፤ ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ በመስታወታቸው አይተው ይጠይቁኛል። "ንስር ናት" ስላቸው ይስቃሉ። "ቢስሚላህ ብዬ ነው" ስላቸው ደግሞ ይቆጡኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። የሙሽሮችን አክስቶች ክርን፣ በጭፈራ መሀል የሚረግጠኝን ሚዜ፣ ኬክ ሲቆረስ ሌንሴ ላይ የሚፈናጠረውን ክሬም ችዬ ስለኖርኩ ከዚህ የባሰ አደጋ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሙያውን የተማርኩት ውጫሌ፣ አንድ ሙስሊም ፎቶ አንሺ ዘንድ ነው። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ ያሰርኩ ክርስቲያን ነኝ። እሱ ግን ቢስሚላህ ሳይል ቁልፍ የነካን ተማሪ፣ የማንም ልጅ ይሁን የማን፣ ጣቱን በማስመሪያ ይመታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቴና ምላሴ አብረው ነው የሚሠሩት።

ሐይቁ ዳር ደግሞ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አሉ። ከዓመታት በፊት ነፋስ ከጎጆዋ የጣላትን የንስር ጫጩት አንስተው ዓሣ እየከተፉ አሳደጓት። ዛሬ ራሷና ደረቷ ነጭ፣ ክንፏ ሲዘረጋ ከእሳቸው ቁመት የሚበልጥ ንስር ሆናለች። እንደ ልቧ ትውላለች። ሲጠሯት ግን ከሐይቁ ማዶም ብትሆን መጥታ ጆንያ በጠመጠሙበት ክንዳቸው ላይ ታርፋለች። መረባቸው ባዶውን የወጣ ቀን ከማንም በፊት ለእሷ ምክንያት ሲደረድሩ ሰምቻቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ኃላፊ ይህን ሰማ።

"የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም" አላቸው። "ወይ ለሰው አደገኛ አለመሆኗ በቪዲዮ ተረጋግጦ የቱሪስት መስህብ ትሆናለች፣ ወይ ከተማ ተወስዳ ሽቦ ውስጥ ትገባለች።"

"እኔ መቼ ያዝኳት? እሷ ናት እንጂ የያዘችኝ" አሉ ሽማግሌው። ኃላፊው ይህን አልመዘገበም።

ቀራጭ ተፈለገ፤ እኔ ተገኘሁ። ኃላፊው ቪዲዮው ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ካሜራው ከፊቷ አንድ ክንድ ብቻ ይራቅ፣ ዓይኗ ውስጥም ሐይቁ ይታይ አለ። ለደህንነቴ አስቦ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ሰጠኝና እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። ሽማግሌው በበኩላቸው ሰዓቴን አስወለቁኝ። የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ የዓሣ ቅርፊት ይመስላታል አሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያብለጨልጨው ሌንሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ አይወልቅም። ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ዓይኑን ካሜራው ላይ ማድረስ እንደማይችል ያወቅነው እዚያው ነው። አወለቅሁት።

ንስሯ ከሽማግሌው ጎን የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ተንበርክኬ ቀረብኳት። ቡናማ ዓይኗ ሌንሱን ሞላው። እውነትም ሐይቁ ውስጡ ነበር፤ ታንኳዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ደስ አለኝ። ቀስ ብዬ "ቢስሚላህ" አልኩና ቁልፉን ተጫንኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቪዲዮ ላባ ብቻ ነው። ጥፍሯ ቅንድቤ ላይ ተተክሎ፣ በመንቆሯ ጉንጬን እያገላበጠች አንድ ነገር ትፈልጋለች። ዓይኔን ምን ያህል እንደምወደው ያኔ ነው የገባኝ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሱ "ተይ፣ እሱ ዓሣ የለውም" አሏት። ተወችኝ።

ደሜን እያጠቡልኝ "ምን አልካት?" አሉኝ።

"ምንም አላልኳትም አባባ። ቢስሚላህ ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።"

እጃቸው ቆመ። "ጠርተሃታላ፣ ልጄ።"

ለካ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ቢስሚላህ ሳይሉ አንድ ዓሣ ወርውረውላት አያውቁም። ስም አላወጡላትም፤ መጠሪያዋ ይኸው ነው። ለእሷ ቃሉ ምሳ ማለት ነው።

"አብሽር" አሉኝ፣ "አሁን በራስህ ሃይማኖት ጀምር።"

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ለማንኛውም ሄልሜቱን አጠለቅሁ። ካሜራውን በግምት አነጣጥሬ "በስመ አብ" ብዬ ጀመርኩ። ወልድ ላይ ሳልደርስ ሄልሜቱ ላይ ነበረች። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ።

"ወላሂ፣ ለሷ አንድ ነው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ወሎዬ ንስር ናት። ቢስሚንና በስመን አትለይም።

ኃላፊው መስኮቱን ጣት የምታስገባ ያህል ከፍቶ "አደገኛ" ብሎ መጻፉን ነገረን። የሚወስዳት መኪና ነገ ከነሳጥኑ ይመጣል። የሽማግሌው ሳቅ ጠፋ። ጆንያውን ከክንዳቸው ፈቱት፣ መልሰው ጠመጠሙት፣ እንደገና ፈቱት። አፈርኩ። ያጠፋሁት እኔ፣ የምትታሰረው እሷ ልትሆን ነው። ወደ መኪናው ሄጄ "አላጠቃችኝም፣ የጠራኋት እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ዘረዘርኩለት። "ካላመኑኝ ወርደው ከጎኗ ይቁሙ። እነዚህን ቃላት ብቻ አይጥሩ። እኔ እቀርጽዎታለሁ።"

ያወረደው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ክራቫቱን አስተካክሎ "በቅድሚያ" ብሎ ጀመረ። ስለ ዘርፉ እምቅ አቅም፣ ስለ ባለድርሻ አካላት ቅንጅት፣ ስለ ቀጣይ የትኩረት አቅጣጫ ተናገረ። ንስሯ መጀመሪያ አየችው። ቀጥላ አንድ እግሯን ላባዋ ውስጥ ከተተች። የትኩረት አቅጣጫው ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ያህል የሰከነ አዳኝ ወፍ የቀረጸ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኃላፊው ራሱን በካሜራው ላይ ሁለት ጊዜ አየና ወደደው። ፈቃዱን እዚያው ፈረመ።

በሳምንቱ ሐይቁ ዳር ሰሌዳ ተተከለ። ሳነበው ቁስሌ እንደ አዲስ አመመኝ፤ ምክንያቱን የነገርኩት እኔ ነኛ። "በዚህ አካባቢ የፈጣሪን ስም መጥራት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ተላልፎ የተገኘ እንደሆነ የንስሯ ፈቃድ ይሰረዛል" ይላል። ይህ የተጻፈው ወሎ ውስጥ ነው፤ ስንቀመጥም ስንነሳም፣ ቢያስነጥሰንም ቢያደናቅፈንም ስሙን በምንጠራበት አገር።

ሽማግሌው ዓሣ በእጃቸው ይዘው ሰሌዳው ሥር ቆመው ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። ንስሯ ዛፏ ላይ ሆና ትጠብቃቸዋለች።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

እሳቸው ቃሉን ሳይሉ ዓሣ መወርወር አይሆንላቸውም። እሷም ቃሉን ሳትሰማ አትመጣም። ሰሌዳው ለያይቷቸዋል፤ እነሱ ገና አልሰሙም።

"ወደ ንስሯ አትጠጉ ይላል፣ አባባ።"

ከላይ እስከ ታች አዩት። "ይሄ ሁሉ ፊደል ይችን ብቻ ነው የሚለው?"

"የመንግሥት ጽሑፍ ነው፣ ይረዝማል።"

ትንሽ ፊቴን አዩኝ። አምነውኝ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው ዓሣውን ከፍ አደረጉት። እኔ ካሜራዬን መሬት አስቀምጬ ዓይኖቼን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

"ቢስሚላህ" አሉ፣ እንደ ወትሯቸው ጮክ ብለው።

የክንፏ ነፋስ በአናቴ ላይ ሲያልፍ እኔም ድምፅ ሳላወጣ በስመ አብ አልኩ።