የሚያርፈው ደንገል

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር በግልጽ ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ቢሮ ገብቼ ደመወዝተኛ ከሆንሁ ወዲህ፣ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ “ሐይቅ ዳር ነው የሚሠራው” እያልሁ አልፍ ነበር። ሰሚው ዓሣ ነጋዴ ወይም የሞተር ጀልባ ባለቤት ይመስለዋል። እኔም አላርመውም።

ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ከሐይቁ ጠርዝ ከሰው ቁመት በላይ ከሚበቅለው፣ አናቱ ላይ የተንጨፈረረ ጸጉር የሚመስል ነገር ካለው ተክል። ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በዛፍ ልጥ እየታሰረ ታንኳ ይሆናል። ታንኳ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ውኃ እየጠጣ ይከብድና ከጥቂት ወራት በኋላ ይጣላል፤ በቦታው ሌላ ይሠራል። ደንገሉ ከጠፋ በዓመቱ አንድም ታንኳ አይተርፍም ማለት ነው።

በሰፈራችን የታጨደ ደንገል ያርፋል። አዲሱ በቅሎ ከሰው ቁመት እስኪበልጥ ድረስ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባበትም፤ ከብት አይነዳበትም፤ መግቢያ መንገዱን እንኳ ሣር ይውጠዋል። በዚያ ሰሞን አባቴ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቶ ራቅ ወዳለ ዳርቻ እየቀዘፈ ሄዶ ያጭዳል። ልጅ ሳለሁ “የኛ እዚሁ እያለ ለምን እዚያ ድረስ ትደክማለህ?” ስለው፣ “ተኝቷል፤ አይቀሰቀስም” ይለኝ ነበር።

የሐይቅ ዳርቻው ልማት ሲመጣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይልቅ የተደሰትሁት እኔ ነኝ። አልክድም። ክረምት በገባ ቁጥር ጫማዬን በፌስታል ይዤ በጭቃው እየተንቦጫረቅሁ ነበር እስከ አስፋልቱ የምወጣው። የከተማው ፍሳሽ በደጃችን አልፎ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ነበር። መብራት፣ የእግረኛ መንገድ፣ ሽንት ቤት፣ ለሰፈሩ ወጣት ሥራ፤ ይህን ማን ይጠላል? ሆቴል ተቀምጠው ቅርስ ቅርስ የሚሉት ሰዎች አንድ ክረምት እኛ ዘንድ ቢከርሙ ምን ይሉ ነበር እላለሁ፣ አሁንም።

ለልማቱ ቦታውን የሚያጠና ቡድን ከመሥሪያ ቤታችን ሲወጣ፣ የአካባቢው ልጅ ናት ተብዬ ተጨመርሁ። ወደ አባቴ ደንገል በደረስንበት ዕለት ቦታው እያረፈ ነበር። ሰው የለም፣ ማጭድ የለም፣ ዱካ የለም። አባቴ ራቅ ወዳለው ዳርቻ ሄዷል። የያዝሁት ቅጽ “በቦታው ላይ በአሁኑ ጊዜ የሚካሄድ ሥራ” ይላል። ከሥሩ “ማብራሪያ” የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ባልደረቦቼ መኪናው ውስጥ ሆነው በረግረጉ ሽታ አፍንጫቸውን ይዘው ይሳሳቃሉ። አንዱ “እዚህ ደግሞ የሰው ልጅ ምን ይሠራል?” አለ።

“የለም” ብዬ ጻፍሁ። ማብራሪያውን ባዶ ተውሁት። ሁለት መስመር ይበቃ ነበር፤ ታንኳ ሠሪዎች ያጭዱታል፣ አሁን እያረፈ ነው፣ በቃ። ግን ያ የሚስቀው ልጅ ዞር ብሎ አባትሽም ከነሱ ናቸው እንዴ ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። ሌሎች ምክንያቶች ስፈልግ ብዙ ቀን ቆየሁ። አላገኘሁም።

ከክረምቱ በኋላ ገልባጭ መኪኖች መጡ። ወሬው ሲደርሰኝ ከቢሮ ወጥቼ ሮጥሁ። አባቴ በቀዩ አፈር ክምር ሥር ቆሞ፣ ሹፌሩን “ወንድሜ፣ ይኸ እኮ ባለቤት ያለው ነው፤ እያረፈ ነው እንጅ” ይለዋል። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ “አባት፣ ወረቀቱ የሚሠራበት የለም ነው የሚለው፤ እኔ ምን ላድርግ?” አለው። ከዚያ መኪናው ላይ ወጥቶ አፈሩን ደፋው። ደንገሉ ሲሰባበር የሚያሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ጆሮዬን ያዝሁ።

ተመልሼ ኃላፊዬ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። “ያስቁሙልኝ! የአባቴ ነው፤ ታንኳ ሠሪ ነው አባቴ” አልሁ። ስንት ዓመት የደበቅሁት በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ፋይሉን አውጥተው ወደ እኔ አዞሩት።

“ይህ ፊርማ የማን ነው?”

“የኔ ነው።”

ፋይሉን ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። “ያኔ አንድ ቃል ብትጽፊ ኖሮ መንገዱን አጠማዘን በጎኑ እናልፈው ነበር” አሉኝ። “ንድፉ ያስኬድ ነበር። አሁን ግማሹ ተደፍኗል።” ሳይጋብዙኝ ተቀመጥሁ።

እሳቸው መቼም ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው። አባትሽ በአዲሱ መናፈሻ ቅዳሜ ቅዳሜ የታንኳ አሠራር ያሳዩ፤ ልማቱም አይቆምም፣ ባህሉም ይጠበቃል አሉ። መናፈሻው ሲከፈት ደንገሉ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ በኩል በአይሱዙ መጣ። አባቴ አንዱን ዘንግ አንሥቶ አጎነበሰው፤ ቀጭ አለ።

“ይኸ ገና ሕፃን ነው፤ ያለ ጊዜው ታጭዷል” አለ። “ሰው ተሸክሞ አይንሳፈፍም።”

“ችግር የለም፣ አባባ” አለችው የዝግጅቱ አስተባባሪ። “ውኃ አይነካም። ለፎቶ ነው።”

አንድ ልጥ ስለላላ ብቻ ሙሉ ታንኳ ሲፈታ ያየሁት አባቴ፣ ጎንበስ ብሎ የማይንሳፈፍ ታንኳ አሰረ። ለኔ ብሎ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቴ ጋር እንዳልጣላ። ሰዎቹ አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብሁ። እጄ ምን ነበር በተቆረጠ!

ስንመለስ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ሄድን። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ጭቃ የለውም፣ ንጹሕ ነው። ደንገሉ የነበረበት ቦታ ላይ የሲሚንቶ አግዳሚ ተሠርቷል። አባቴ ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ።

“እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው” አለ ሐይቁን እያየ። “ስለ ቦታው የጠየቁት ሰው ማን እንደሆነ እንጃ። አገሩን የማያውቅ ባዳ ይሆናል፤ እሱ ምን ያድርግ። አንችን ጠይቀውሽ ቢሆን ኑሮ ትነግሪያቸው ነበር።”

“አዎ፣ አባባ” አልሁት። “እነግራቸው ነበር።”

ትከሻዬን ተደግፎ ተነሣ።