ክንፉ የተሰበረው ሬጉሌተር

አዋላጇን በዚያ ሰፈር የማያውቃት የለም። እሷን የማያውቅ እንኳ የሞተሯን ድምፅ ያውቃል። ገና ከመታጠፊያው ሳትደርስ ልጆች «መጣች!» ይላሉ፤ እርጉዞች ደግሞ ቀጠሯቸው ባይሆንም ሆዳቸውን ይዘው ወደ በር ብቅ ይላሉ። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ትንሽ፣ መልሷ ግን ፈጣን ነው። አንዱ አባወራ «በዚህች እጅ ነው ልጄን የምታወጪው?» ብሎ ቢያሾፍባት፣ «ልጅህ የሚወጣበት በርም እኮ ሰፊ አይደለም» ብላ አፉን አስይዛዋለች።

ሞተሯን የሠራላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ሠራላት ሲባል ጠገነላት ማለት አይደለም። እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ክሊኒኩ ውስጥ ስትመደብ፣ ከአንድ ጓሮ ዝገት ሲበላት የኖረች ሞተር ሳይክል አንስቶ፣ እያንዳንዷን ብሎን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ የጎደለውን አሟልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ሰጣት። ሰው ሁሉ «ብሎኔ» ነው የሚለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ። እሷ ግን «ጋሼ» ነው የምትለው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ የገባው እሱ ነው። እሷ ደብተር ይዛ ስትወጣ እሱ ዘይት የጠጣ ቱታውን ለብሶ ይወጣ ነበር፤ ይህን አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም።

ሞተሯ ስትሠራ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ዕቃ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን ሬጉሌተሩ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሬጉሌተር መዳፍ የምታክል፣ ጀርባዋ ላይ የብረት ክንፎች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩባት ዕቃ ናት። ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ መጥና ለባትሪው የምታቀብለው እሷ ናት፤ በዝቶ እንዳያቃጥል፣ አንሶም ባትሪውን እንዳያስርብ። ከክንፎቹ የዳሩ ከግማሹ ተሰበረ። አዋላጇ ደነገጠች። ወንድሟ ግን አንስቶ እፍ አለበትና ሳቀ።

«ግድ የለም፤ ክንፉ ቢሰበርም ይበራል» አላት።

ያችን ቀልድ ለስንት ሰው እንዳወራቻት!

ሞተሯ ለዓመታት እንደ ሰዓት ሠራች። ጭቃም ሆነ ዳገት፣ ቁልፉን ስታዞር እሺ ነበር መልሷ። ከዚያ አንድ የዝናብ ወቅት ሲገባ ወንድሟ «ተዪልኝና ሰርቪስ ላድርግልሽ» አላት፤ ተወችለት። ታጥባ፣ ዘይቷ ተቀይሮ፣ ኮርቻዋ ተወልውሎ ተመለሰች። ግን ከዚያ በኋላ መብራቷ እንደ በፊቱ አልሆነም። ቀን ቀን ደህና ነች፤ መሸት ሲል የፊት መብራቱ ሲበራ ጥቂት ከሄደች በኋላ ብርሃኑ እየገረጣ፣ እየቀላ ይመጣል።

«ጋሼ፣ መብራቷ ምን ሆኖ ነው?»

«ባትሪው አርጅቷል።»

ባትሪው ተቀየረ። ያው ሆነ።

«አሁንስ?»

«አንቺ ቁልቁለት ላይ ሞተር እያጠፋሽ ነው የምትወርጂው። እንዲህ ሆኖ በምን ቻርጅ ያድርግ?»

እውነትም ቁልቁለት ላይ የምታጠፋበት ጊዜ ነበርና አፈረች። ማጥፋቱን ተወች። ሲመሽም ዓይኗ እስኪቸገር ድረስ መብራት ሳታበራ መንዳት ለመደች፤ ባትሪው እንዳይደክም። ጥፋቱን እራሷ ላይ አድርጋ አነዳዷን ሁሉ ቀየረች።

የክሊኒኩ ኤሌክትሪሺያን፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚጠብቀው ወሬኛ ሰውዬ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «ይህችን ሞተር ልያት እስቲ» ብሏታል።

«ወንድሜ ያያታል። የሌላ ሰው እጅ አያስፈልጋትም» ትለዋለች።

«እሺ እመቤቴ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ግን ሰምተሻል አይደል?»

«የአንተ ፈረስ ይጣልህ!» ትለውና ትስቃለች።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ከዳገቱ ማዶ ካለው ሰፈር ስልክ ተደወለ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጥ ይዟታል፣ ደም እያየች ነው። አዋላጇ ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች። ዝናቡ ገና መጣሉ ነበር፤ ሰማዩ ስለጠቆረ መብራቱን ማብራት ግድ ሆነባት። ዳገቱን ወጣች። ከላይ ሆና የሴትየዋ ቤት ጣሪያ በሸለቆው ማዶ ታያት። ቁልቁል መውረድ ስትጀምር ብርሃኑ ገረጣ፤ ከዚያ ሞተሩ አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል አደረገውና ቀጥ አለ። ያች ሞተር ብልጭታዋን የምታገኘው ከባትሪው ነው፤ ባትሪው ካለቀ የቱንም ያህል ቢረግጧት አትነሣም። ረገጠቻት፣ ገፋቻት፣ ለመነቻት። በመጨረሻ አጥር ሥር አስጠግታ ጥላት በእግሯ ሄደች። ጭቃው ጫማዋን እየነጠቃት፣ ሸለቆው ውስጥ ሁለት ጊዜ እየወደቀች ደረሰች።

ልጁ በጎረቤት እጅ ተወልዶ እያለቀሰ ነው። እናቱ ግን ከንፈሯ ነጥቷል፤ ከሥሯ ያለው አንሶላ ርሷል። አዋላጇ ቃል ሳትናገር መርፌውን ወጋቻት፤ ሆዷን እያሸች፣ እየተጫነች ደሙ እስኪቀንስ ተንበርክካ ቆየች። ከዚያ በአልጋ ተሸክመዋት መንገድ ወጡ፤ የጭነት መኪና ለምነው ወደ ሆስፒታል ላኳት። ሴትየዋ ተረፈች። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር፤ ይህን አዋላጇ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ከሁሉ ግን ሆዷ ውስጥ የቀረው የወላዷ እህት ያለቻት ነገር ነው። ጥፋት ፈልጋ አይደለም፤ የሆነውን ነው ያወራችላት።

«ሲስተር፣ መብራትሽን እኮ ከማዶ አይተነው ነበር። ‹በርቺ፣ ያውልሽ እየመጣች ነው› አልኳት። ከዚያ ድርግም አለ። ዝናቡን ፈርተሽ የተመለስሽ መስሎን... እሷም ‹ተመለሰች› ብላ አለቀሰች።»



በማግስቱ ሞተሯን በጋሪ አስጭና ክሊኒኩ ግቢ አስገባቻት። ወንድሟ ለሥራ ወጣ ብሎ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪሺያኑን «እስቲ እያት» አለችው። ሰውየው አልቀለደም። ኮርቻውን ፈታ፣ ባትሪውን ለካ፣ ሽቦውን እየተከተለ በእጁ ወደ ታች ወረደ።

«ይህ ሬጉሌተር የዚህች ሞተር አይደለም» አለ።

«እንዴት አይደለም?»

«የሌላ ሞዴል ነው። ተመልከቺ፣ ከማመንጫው ሦስት ሽቦ ይመጣል። ይህ ዕቃ የሚቀበለው ሁለት ነው። ሦስተኛውን በናስትሮ ጠቅልለው አስተኝተውታል። መብራት ካላበራሽ እንደ ምንም ያኖርሻል፤ ስታበሪ ግን ከሚገባው የሚወጣው ይበልጣል።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ክንፎቹ ሙሉ ናቸው፤ አንድም የተሰበረ የለም። ናስትሮው በንጽሕና፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተጠቀለለው። እንዲያ አድርጎ የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው።

«ያኛው ተቃጥሎ ይሆናል» አለች። «ሌላ አጥቶ ያገኘውን አስገብቶልኝ ይሆናል። እንዳልሳቀቅ ብሎ ነው ያልነገረኝ።» ኤሌክትሪሺያኑ «ይሆናል» ብሎ ኮርቻውን መልሶ ገጠመላት። ደግ ሰው መሆኑን ያን ቀን አወቀች።

ወንድሟ ሳይመለስ፣ አንድ ዘይት ነጋዴ እርጉዝ ሚስቱን ለምርመራ አመጣ። ሚስቲቱን አይታ፣ ደህና ነሽ ብላ እስከ በሩ ስትሸኛቸው የነጋዴው ሞተር ከዛፉ ሥር ቆማ አየቻት። የእሷ ሞተር መንትያ ናት፤ ቀለሟ ብቻ ይለያል። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ተጠግታ ቁጢጥ አለች። ከኮርቻው ሥር፣ የዳሩ ክንፍ ከግማሹ የተሰበረ ሬጉሌተር አለ።

በጣቷ ነካችው። ስብራቱ ከዚያው ነው፤ ስለቱ እንኳ አልደነዘዘም።

«ሲስተር፣ ምነው፣ ዘይት ታንጠባጥባለች እንዴ?» አለ ነጋዴው።

«ኧረ የለም። ይህን ማነው የገጠመልህ?»

«ብሎኔ ነዋ! የኔ ተቃጥሎ ገበያው ላይ ኦሪጅናል ጠፋ። እሱ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በአንድ ቀን ገጥሞ ሰጠኝ። ወንድምሽ ወርቅ ሰው ነው!»

«ወርቅ ነው» አለች።

ወንድሟ ሲመለስ ጋራዡ ድረስ ሄደች። ካርቡሬተር ፈትቶ በቤንዚን እያጠበ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ክርኑን ዘረጋላት፣ እጁ ቆሻሻ ስለሆነ። አልነካችውም።

«ጋሼ፣ የኔን ሬጉሌተር የት አደረስከው?»

«የቱን?»

«ክንፉ የተሰበረውን።»

ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ። ብዙ አልዋሸም፤ ለዚህ እንኳ አንዳንዴ ታመሰግነዋለች።

«ለጊዜው ነበር» አለ። «ሰውየው ቸኮለ፣ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ሌላ አዝዤልሽ ነበር።»

«ያዘዝከውስ መጣ?»

«መጣ።»

«ታዲያ?»

«...ሌላ ደንበኛ ገባ። እሱም ቸኩሎ ነበር።»

«‹ባትሪው አርጅቷል› ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

ካርቡሬተሩን አገላበጠ።

«‹አነዳድሽ ነው› ስትለኝስ?»

«አንቺ እኮ የራሴ ነሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንበኛ ከተቀየመ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። አንቺ ግን የት ትሄጃለሽ ብዬ ነው።»

ያንን ሲላት ቁጣዋ ሁሉ ጠፋ። ቁጣው አብሯት ቢቆይ ይሻላት ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ልጡ የተነከረው በእሷ መሆኑን ግን ለካ እስካሁን አላወቀችም።

«አንዲት ሴት ልትሞትብኝ ነበር» አለችው። «መብራቴን አይታ ነበር። ሲጠፋ የሸሸኋት መሰላት። በእኔ ነው ያዘነችው ጋሼ፣ በአንተ አይደለም።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «አሁኑኑ ከነጋዴው ፈትቼ...»

«ተወው። ሚስቱ እርጉዝ ነች።»

ብላው ወጣች።

ኦሪጅናሉ አሁንም አልተገኘም። ኤሌክትሪሺያኑ አሮጌ ዕቃ ተራ ሲዞር ከርሞ ከአንድ ትልቅ ሞተር የወጣ ሬጉሌተር ይዞላት መጣ።

«ይህም የሌላ ሞዴል ነው፤ ቀድሜ ልንገርሽ» አላት። «ግን ሦስቱንም ሽቦ ይቀበላል። ሶኬቱ አይገጥምም፣ እሱን እንቆርጣለን። የብሎኑ ቀዳዳም ስለሚራራቅ አዲስ እንበሳለን። ደስ ካላለሽ አላስገባውም።»

«አስገባው። እኔም እይዛለሁ።»

ሽቦዎቹን ቆርጠው አንድ በአንድ በእርሳስ በየዱ። ሙቀቱን እንዲያስተላልፍ ሬጉሌተሩን ከፕላስቲክ ሽፋኑ አንስተው ከሞተሯ ብረት ጋር አሰሩት፤ የመሬት ሽቦው በደንብ እንዲነካ እሷ ራሷ ቀለሙን በቢላ ፋቀችለት። አስነሥተው መብራቱን አበሩ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሰካ። ነዳጅ ስትሰጠው ቁጥሩ ወጣ፣ አሥራ አራት ቮልት አካባቢ ደርሶ ቆመ። ደጋግማ ሰጠችው፤ ከዚያ አላለፈም፣ አልወረደምም።

«በይ እንግዲህ፣ የባዳ ዕቃ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ባዳ መሆኑንማ ነግረኸኛል» አለችው። ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

እናታቸው ነገሩን የሰማችው ከሰው ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለቱንም ጠርታ አስቀመጠቻቸው። «ላንቺ ብሎ ትምህርቱን የተወ ልጅ በአንዲት ብረት ይፈረድበታል?» አለች።

«እማዬ፣ በብረቷ አይደለም። ያችን ብረት ‹ስጪኝ› ቢለኝ በእጄ ፈትቼ እሰጠው ነበር።»

ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ» አለ። ከልቡ እንደሆነ አየች። ይቅርታውንም ተቀበለች፤ ቂም የሚባል ነገር አልያዘችበትም። ልጆቹ ሲያማቸው ትሄዳለች፣ እራት አብራ ትበላለች፣ ቀልዱ ላይ ትስቃለች። የሞተሯን ቁልፍ ግን ከእንግዲህ አልሰጠችውም። እሱም አልጠየቃትም። አንድ እሑድ ልትሄድ ስትነሣ ተከትሏት ወጣና፣ ሞተሯ ስትነሣ እንደ ልማዱ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ «ዝናብ ሳይመጣ ግቢ» ብቻ አላት።

ዘይት መቀየር፣ ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ካንዴላ ማጽዳት ቀስ በቀስ እራሷ ተማረች። መጀመሪያ ላይ ዘይቱን የክሊኒኩ ደጅ ላይ ደፍታ ዘበኛው ለሳምንት አኩርፏታል።

ባለፈው ደግሞ ከቤት ለቤት ክትትል ስትመለስ የፍሪሲዮኗ ሽቦ መንገድ ላይ ተበጠሰ። ከመቀመጫው ሥር ትርፍ ሽቦ አወጣች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጥፍሯ እስኪሰበር ታግላ ቀየረችው። ሞክራ አየችው፤ ልክ ነው። ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ሳታስበው በዘይት እጇ ስልኳን አወጣችና «ጋሼ» የሚለውን ቁጥር ነካች። ሊጠራ ሲል አቋረጠችው።  ከዚያ እጇን በሣር ጠርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች፤ ከመምሸቱ በፊት የምታያት ወላድ ነበረችባት።