ትምባሆ የማይገባበት ግቢ

ልጅ ሆኜ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ጉቴ ዳር ስንኖር የበጋን መጥናት የማውቀው በውሃው ሽታ ነበር። ወንዙ ይጎድልና ቅጠል የበሰበሰበት ኩሬ ይቀራል፤ ከብቶቹም ከዚያው ይጠጣሉ። አንድ ጠዋት ላማችን ቡሬ ከአፍንጫዋ ቀጭን ደም ስታንጠባጥብ አገኘናት። አልቅት ገብቶባታል።

መድኃኒቱን የማያውቅ አልነበረም። የትምባሆ ቅጠል ተዘፍዝፎ ይጨመቅና ውሃው በአፍንጫዋ ይንቆረቆራል፤ አልቅቱ ለቆ ይወድቃል። አባቴ ግን ጌታን ከተቀበለ ወዲህ የጓሯችንን ትምባሆ ከነሥሩ ነቅሎ አቃጥሎታል።

ጎረቤታችን ኦቦ ተሬሳ ጋያቸውን እያጨሱ መጥተው በአጥሩ ላይ ለአባቴ እፍኝ ቅጠል ዘረጉለት።

«ፉዲ፣ ውሰድ እንጂ ዋቅጅራ። እሷ እኮ አልተጠመቀችም።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ አልሳቀም።

«ኦቦ፣ ከቤቴ ያወጣሁትን በላም አፍንጫ አልመልሰውም።»

«እንግዲያው ጸልይላት።»

«እጸልያለሁ።»

ጸለየም። ግራዋ ወቅጦም በጨው አጠጣት። ግራዋ ለሆድ ትል ነው፤ አፍንጫ ውስጥ የተጣበቀን አልቅት አይነካውም። እናቴ ይህንኑ ነገረችው፤ እሱ ግን ግራዋውን ማጠጣቱን ቀጠለ። ቡሬ ነጠፈች፤ ታናሽ እህቴ ከወተት ወደ ቀጭን አጥሚት ዞረች። ከዚያ ላሟ ድዷ ነጣ፤ አንድ ቀን ከተኛችበት ሳትነሳ ቀረች። አባቴ ከጎረቤቶች ጋር በገመድ ጎትቶ ከመንደሩ ውጭ ለጅብ ጣላት፤ ተመልሶ እጁን ታጠበና ምሳውን በላ። እኔም በላሁ። አላለቀስኩም፤ ለምን እንዳላለቀስኩ ዛሬም አላውቅም።

አሁን የምኖረው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ስለ ቅጠላ ቅጠል የማውቀውን መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው ያነበብኩት። አጫሹን የሚጎዳው መርዝ ራሱ ነው አልቅቱን የሚያደነዝዘው፤ ከበዛ ላሟንም ይገድላል። አባቴ ስለ ማጨስ ልክ ነበር፣ ስለ ቡሬ ተሳሳተ። አንድን ነገር ከመጥላታችሁ በፊት ለምን እንደሚውል እወቁ ብዬ ልጆቼን እመክራለሁ። እኔም ብዙ ነገር ሳላውቅ እከለክላቸዋለሁ።

የእኔ ልጆች ወተት የሚያውቁት ከሱቅ በላስቲክ ነው። በቀደም ትልቁ የቡሬን ነገር ስነግረው፣ «አባትህ በኋላ ተጸጸተ?» አለኝ። አልጠየቅኩትም አልኩት። ያኔ አባት አይጠየቅም ነበር። ልጄ ግን ይጠይቀኛል። ፊቴን ሳልፈታ ነው የምመልስለት፤ ግን እመልስለታለሁ።