ያልታጠበው አውራ ጣት

በግና ቆዳ ከሙጃና ከፍላቂት ገበያ አነሣለሁ፣ እሸጣለሁ፤ ግን ሸማኔው ሁሉ የሚያውቀኝ «የፈታይዋ ባል» ብሎ ነው። አልከፋኝም። የባለቤቴ ክር ከቅጥነቱ የተነሣ ከዓይን ይሰወራል ይባላል። የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ አንዲት እናቷ የሞተችባት ግልገል ከገበያ ይዤ ገባሁ። ከንፈሯ ቅርፊት ቢጤ ነበረበት። ባለቤቴ አውራ ጣቷን ወተት እየነከረች አጠባቻት። ግልገሏ ጠነከረች፤ የባለቤቴ አውራ ጣት ግን አበጠ፣ ጠቆረ፣ እዥ ቋጠረ። ጎረቤት «አባ ሰንጋ ነው» አለ። ቁልቁል ወርደን ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ አገላብጠው አዩና፣

«ሥጋው የሞተ ይመስለኛል፤ ወደ እጅዎ ሳይዘልቅ ጣቱ ቢቆረጥ ይሻላል» አሉ።

«በምን ልፈትል?» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሙ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲያው በፊት ይመርመር» ብለው ወደ ላቦራቶሪ ሰደዱን።

የላቦራቶሪው ሰው ጣቷን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ለምርመራ የሚወስደው ቅርፊት አጣ። ትልቅ ሰው ፊት ቆሽሾ አይቀረብም ብላ፣ ማለዳ በሎሚና በጨው ፈትጋ ቅቤ ቀብታው ነበር የመጣችው።

«እትዬ፣ ምስክሩን አጥበው ጣሉት እኮ። ቅርፊት እስኪይዝ ውሃም ቅቤም አይንካው» አላት።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ቆሻሻ ናት ይልዎታል። ጣትዎ ከተረፈ በኋላ ይመልሱለታል።»

ወደ አገራችን ወጣን። መቼም በንጽሕናዋ የምትኮራ ሴት ያንን ጣት ይዛ ገበያ መውጣቷ ቀላል አልነበረም። አንዷ፣ «አንቺዬ፣ ከቀበሌው ሱቅ ሳሙና አልደረሰሽም?» አለቻት።

«ደርሶኛል። ጣቴን ግን መንግሥት አትጠቢ ብሎኛል።»

በዚያ ዘመን መንግሥት አለ ከተባለ የሚከራከር የለም።

ቅርፊቱ ሲደርቅ ተመልሰን ወረድን። የላቦራቶሪው ሰው በወረንጦ አንሥቶ ከፊሉን በማይክሮስኮፕ አየና፣ «የአባ ሰንጋ ተሕዋስ አላየሁበትም። ቫይረስ ከሆነ ግን በዚህ መሣሪያ አይታይም» አለ። የቀረውን በትንሽ ብልቃጥ አሽጎ አዲስ አበባ ላከው። ሐኪሙም ምላጫቸውን አቆዩልን።

ብዙ ቆዳ አስጭኛለሁ፤ እንደዚያች ብልቃጥ ግን መንገድ መንገዱን ያየሁለት ጭነት የለኝም።

መልሱ ደረሰ ተብለን ስንጠራ፣ ከቁስሉ ሥር አዲስ ቆዳ ብቅ ብሏል።

«አዲስ አበባ ያሉት ቅርፊቱን ፈጭተው የአንዲት ጤነኛ ግልገል ከንፈር ጫር ጫር አድርገው ቀቡት» አለ የላቦራቶሪው ሰው። «እሷም እንደዚሁ ቆሰለች። የበግ ቫይረስ ነው፤ ቁስሉ በራሱ ይሽራል። መቁረጥ የሚባል የለም።»

ሐኪሙ «እንኳን አልቸኮልን» ብለው እጇን ጨበጡ፣ ያንኑ እጅ። እኔ ደረቴ ኮቴን ሊቀድደው ደረሰ። እኔ አዲስ አበባን ሳላያት፣ የሚስቴ ቅርፊት ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ እውነቱን ተናግሮ።

እሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። «ያቺ ግልገልስ?» አለች።

«ድናለች።»

«እሰይ። ለእኔ ብላ ነው የታመመችው።»

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ዘመድ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሁሉ፣ «አንዲት አለችኝ» ትለዋለች። እኔም አላርማትም።