ወደ ገደሉ መጋደም

«ሞተር ነጂው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ከመካነ ሰላም ወርጄ ቆላ ላለው መጠለያ የኩፍኝ ክትባት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱ በረዶ በተሞላ ሳጥን ተደርጎ ከኋላዬ ይታሰራል። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ። ከሞቀ ዋጋ የለውም፤ ልጆቹን ውሃ መውጋት ነው። መጠለያው ውስጥ ደግሞ ኩፍኝ ከገባ ሰንብቷል።

ቁልቁለቱ ላይ አሥራ አንድ ኩርባ አለ። ሰባተኛው ላይ ወደቅኩ። መንገዱ ተራራው ውስጥ ገብቶ በፈፋው አናት የሚዞርበት ቦታ ነው፤ ስትዞር ገደሉ በምትታጠፍበት በኩል ነው ያለው። ጠጠሩ የፊት ጎማዬን ይዞት ሄደ። ሞተሩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ስነቃ ግራ እግሬ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ድንጋይ ከሥሬ ተፈንቅሎ ወረደ። ሲያርፍ ልሰማው ጆሮዬን ጣልኩ፤ ወላሂ፣ አልሰማሁትም።

ትከሻዬ ተሰነጠቀ። የጤና ሠራተኛ ሆኜ ወጌሻ ቤት ሄጄ ታሸሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሞተር ጥሎ «መንገዱ አዳልጦኝ ነው» ቢሉ ማን ይሰማል? አሻጥር የምትባል ቃል አለች። እሷ ከተነሳች መመለሻ የለም። የተጣመመውን መሪ በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁና ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆንኩ።

ትከሻዬ ዳነ፤ እኔ ግን አልዳንኩም። በቀጥታው መንገድ ላይ ንጉሥ ነኝ። ኩርባ ሲመጣ አፌ ይደርቃል፣ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ምን አደረግኩ? እወርድና እገፋዋለሁ። ትልቅ ሰው፣ ሙሉ ነዳጅ ያለው ሞተር እንደ ሰነፍ አህያ እየጎተተ! አንድ ቀን አንድ ገበሬ እንጨቱን ተሸክሞ ደረሰብኝ።

«ታመመ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ታሟል።»

ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ። «የትኛችሁ?» አለና አለፈኝ። ተናደድኩ፤ ግን መግፋቴን ቀጠልኩ።

እንዲህ እየገፋሁ አንድ ሐሙስ መጠለያው ስደርስ ረፍዶ ፀሐይዋ አናት ልትበሳ ደርሳለች። ሲስተር ሳጥኑን ተቀበለችኝ። ሲስተር የምንላት የመጠለያው ነርስ ናት፤ የደሴ ልጅ፣ ምላሷ ጎራዴ፣ ልቧ ግን ሌላ። ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ነከረች።

«ይሄ ምንድን ነው? ሾርባ ነው ያመጣህልኝ?»

እናቶቹ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመችው እናት ሴት ልጅ አዝላለች፤ ልጅቱ የእናቷን ጆሮ በሁለት ጣት ይዛ ትጎትታለች። ሲስተር ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጣለቻቸው። «በረዶው ቀልጦብናል፤ ለሚመጣው ሐሙስ ተመለሱ» አለቻቸው። የፊተኛዋ ሴት «ኢንሻአላህ» ብላ ነጠላዋን አጥብቃ ሄደች። አንዲትም አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ሲበተን ለሲስተር ሁሉን ነገርኳት፤ መውደቄንም፣ መግፋቴንም። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ና አሳየኝ» አለችና ቀድማኝ ወጣች። የመጨረሻው ኩርባ ከመጠለያው ቅርብ ነው። እሷ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ እኔ እንደ ኤሊ ዞርኩ። ሁለቴ አስደገመችኝ።

«በቅሎ ላይ ነው ያደግኸው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ። ምነው?»

«ታስታውቃለህ። ገደል ስታይ ገላህን ወደ ተራራው ታሸሻለህ። በቅሎ ብትሆን መንገዷን ራሷ ታውቃለች፣ አንተ ብትሸሽም ይዛህ ትዞራለች። ይሄ ብረት ነው፣ ጅል! ደግሞ ሰውነትህ ተራራው ላይ፣ ዓይንህ ገደሉ ላይ። ዓይንህ ወዳለበት አይደል እንዴ የሚወስድህ?»

«ታዲያ ወደ ገደሉ ልጋደም?»

«መንገዱ ወደዚያ ከታጠፈ ወደዚያ ትጋደማለህ። መውጫውን እያየህ።»

ሞተር ነድታ አታውቅም። ነገር ግን እውነቷን ነበር፤ አባቴ በቅሎ ላይ ሲያወጣኝ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር «ወደ ተራራው ያዝ» የሚል ነው። ሳምንቱን ሙሉ መካነ ሰላም የገበያው ሜዳ ላይ ድንጋይ ደርድሬ በዙሪያው ስዞር ከረምኩ። ሰው «አበደ» አለ። ይበል። ሐሙስን ሳስብ ግን ምግብ አልወርድልህ አለኝ። በሜዳው ድንጋይ ዙሪያ ጀግና መሆን ቀላል ነው፤ ሜዳው ገደል የለውም።

ሐሙስ ማለዳ ሳጥኑን አስሬ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ኩርባ እንዴት እንደዞርኩ እንጃ፤ ዓይኔን የጨፈንኩ ይመስለኛል። ሦስተኛው ላይ ፍሬን ያዝኩና ኋላ ጎማው ተንሸራተተ። በስመ አብ! ቆምኩ። ልውረድና ልግፋ? እግሬ መሬት ነክቷል። ከሰልፉ ፊት የቆመችው ሴት ትዝ አለችኝና ራሴን ሰድቤ ማርሽ አስገባሁ። ሰባተኛው ደረሰ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ገደሉ ና ና ይለኛል፤ ዓይኔን በግድ ነቅዬ ከፈፋው ማዶ መንገዱ የሚወጣበትን ቀይ አፈር አየሁ። ተጋደምኩ። ገላዬ እንቢ እያለ ተጋደምኩ። ሞተሩ እንደ ሰው ታዘዘኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን እየጮህኩ ነው የወረድኳቸው።

መጠለያው ስደርስ ጤዛው ከሣሩ አልረገፈም። ሲስተር ክዳኑን ከፈተች፤ በረዶው እርስ በርሱ ይጋጫል። «ጎሽ!» አለችና ትከሻዬን መታችኝ፤ ያውም የተሰነጠቀውን።

ሰልፉን አየሁ። ያቺ ሴት ዛሬም ከፊት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ አለ። እፎይ አልኩ። ሲስተር ስታወርደው ግን ወንድ ልጅ ነው።

«ልጅቱስ?» አልኳት።

«ሰኞ ቀበርናት። ይሄ የጎረቤቴ ነው፤ እናቱ መቆም አቅቷት እኔ ይዤው መጣሁ።»

ሲስተር በኋላ «ያን ቀን ብትከተብም ላትድን ትችል ነበር» ብላኛለች። ይሆናል። ያኔ ግን ይህን የሚለኝ አልነበረም፤ ምላሴ ራሱ ተፈታ።

«በረዶው የቀለጠው በእኔ ነው። ኩርባው ላይ ወድቄ ነበር። ፈርቼ ሞተሩን ስገፋ ነው የረፈደው» አልኳት።

ልጁን መልሳ አዘለችው። ቀና ብላ የወረድኩበትን መንገድ፣ ኩርባውን ሁሉ፣ ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«ያስፈራል እኮ» አለችኝ። «አብሽር።»